«ካንሰር አይደለም» ካልን በኋላ

(በተመራቂዎች ዳግም መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከባሌ አንድ ነገር ይዘሽ ነይ» ሲሉኝ ማር ማለታቸው መስሎኝ ነበር። የሐረና ጫካ ማር ይዣለሁ፣ ሻይ ላይ ታገኙታላችሁ። ቀጥለው «የሃያ ደቂቃ ንግግር ነው» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ስለ ቀይ ቀበሮ ባወራ ለሁላችንም ይቀል ነበር። ነገር ግን ግማሹ አዳራሽ ሐኪም፣ ግማሹ ደግሞ ሐኪም የሚያስተምር ስለሆነ፣ ለዓመታት ስትከነክነኝ ስለኖረች አንዲት ቃል ልናገር። ቃሏ «ቢናይን» ናት።

ፓቶሎጂ ስንማር እጢን በሁለት ከፍለን ነው የያዝነው። ማሊግናንት የሚባለው ይሰርጋል፣ በደምና በሊምፍ ይጓዛል፣ ቆርጠውትም ይመለሳል። ቢናይን የሚባለው ካለበት አይነቃነቅም፤ ከወጣ ወጣ። ለፈተና ይህ ይበቃ ነበር። በማህፀን ሕክምና ግን ይህን ክፍፍል የማያከብሩ ጥቂት እጢዎች አሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ጨዋ ናቸው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን የካንሰር ዓይነት ጠባይ ያመጣሉ። ከነዚህ ሁለቱን ነው የማነሳው፤ ሁለቱም እጄ ላይ ያለፉ ናቸው።

ስለ ቦታው ትንሽ ልበል፤ ያለሱ ታሪኩ አይገባም። የምኖረው ሮቤ ነው። ጎባ ከሮቤ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ እዚያ ያለው ሪፈራል ሆስፒታል የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። አዲስ አበባ ከእኛ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከጎባ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደሎ መና የሚሄድ ሰው የሰነቴን አምባ መሻገር አለበት። አምባው 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ይደርሳል። ወዲያ ማዶ የሐረና ጫካ ነው፣ ከዚያም ቆላ፣ ቡናና ከብት። ከደሎ መና በኩል የምትመጣ በሽተኛ በቆላ ልብስ ሰነቴን አቋርጣ፣ ከንፈሯ በብርድ ተሰንጥቆ ነው ካርድ ክፍል የምትደርሰው። እኛም ቀጠሮ ወረቀት ላይ «ከሳምንት በኋላ» ብለን እንጽፍላታለን።

የመጀመሪያዋ ሴት ከዚያ ማዶ የመጣች ናት። ያኔ የምሠራበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት፣ ሁለተኛ እርግዝናዋ ነው። የሦስት ወር እርግዝና ነው ብላለች፤ ሆዷ ግን የአምስት ወር ይመስላል። ታስመልሳለች፣ ደም ይፈሳታል። አልትራሳውንዱ ላይ ፅንስ የለም፤ ስክሪኑን የሞላው ያ የምናውቀው በረዶ የሚወርድ የሚመስል ምስል ነው። ሞላር እርግዝና። በኤም ቪ ኤ አጸዳናት። የወጣው እንደ ወይን ዘለላ ውሃ የቋጠረ ነገር ነበር፤ እናቷ አይታ «ምን ወለደች?» ብላ አለቀሰች።

መቼም ሞል በጥብቅ ትርጉሙ እጢ ሳይሆን የተበላሸ እርግዝና ነው የሚል ፓቶሎጂስት ከመካከላችሁ አይጠፋም። ልክ ነው። ሙሉ ሞል አብዛኛውን ጊዜ የአባት ክሮሞዞም ብቻ ያለው፣ የእንግዴ ልጅ ሴል ያለ ልክ የተራባበት እርግዝና ነው። ቤተሰቡ ግን የጠየቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ካንሰር ነው?»

የኔ አፋን ኦሮሞ ጅማ የለመድኩት ስለሆነ ባሌዎቹ ይስቁብኛል፤ ያም ሆኖ እንግባባለን። «ሐማ ሚቲ» አልኳቸው። ክፉ አይደለም ማለት ነው። «ቢናይን»ን የምተረጉምበት ሌላ ቃል አልነበረኝም። ባልየው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አላህን አመሰገነ፣ እናትየው ጉልበቴን ካልሳምኩ አለች። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ «ግን በየሳምንቱ ለምርመራ ትመጫለሽ» ብዬ ጨመርኩ። አሁን ሳስበው፣ ያን «ግን» የሰማው ሰው አልነበረም። ክፉ ካልሆነ በየሳምንቱ ሰነቴን ምን ያሻግራል?

አንድ ጊዜ መጣች። የሽንት ምርመራው ገና ፖዘቲቭ ነበር፤ በሳምንቱ የሚጠበቅ ነው። ሁለተኛ አልመጣችም። ስልክ አልተቀበልኩም ነበር። የቡና ለቀማ ጊዜም ነበር።

በአምስተኛው ወር እያሳለች መጣች፤ አክታዋ ደም አለው። በመካከሉ አንድ ቦታ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምረውላት ነበር፣ አክታዋ ላይ ምንም ባይገኝም። አልፈርድባቸውም። በእኛ አገር ወጣት ሴት ከሳች፣ ደም ያለው አክታ ሳለች ከተባለ፣ እኔም መጀመሪያ የማስበው ቲቢ ነው። ራጅ ተነሳች። ሁለቱም ሳንባዎች ላይ ክብ ክብ ጥላ አለ። እኔ ፊልሙን ይዤ ስለ ቲቢ ስቀባጥር፣ ከኋላዬ አንድ ኢንተርን በለሆሳስ «ዶክተር፣ የእርግዝና ምርመራ ይሠራላት?» አለ። ልቆጣው ዞርኩ። እውነቱን ልናገር፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ካርዷን ገለበጥኩት፣ የራሴ የእጅ ጽሑፍ እዚያ አለ።

ምርመራው ፖዘቲቭ ነው። ሽንቱን በውሃ አሥር እጥፍ አቀጠንነው፣ ፖዘቲቭ። መቶ እጥፍ፣ አሁንም ፖዘቲቭ።

ከሞሉ በኋላ የቀረው ሴል ማህፀን ውስጥ ሰርጎ፣ በደም ሳንባ ደርሶ ነበር። የሙሉ ሞል ታካሚዎች ከመቶ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ከተጸዱ በኋላ ይህ ይገጥማቸዋል፤ ከፊል ሞል ከሆነ ከ1 እስከ 5። ኤች ሲ ጂ በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ተለክቶ ካልወረደ፣ ወይም በሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ ተለክቶ ከጨመረ፣ በሽታው ተነሥቷል ማለት ነው። ናሙና መቁረጥም አያስፈልግም፤ እንዲያውም እነዚህ እጢዎች ክፉኛ ስለሚደሙ መነካካቱ አደገኛ ነው። ምርመራው ቁጥሩ ራሱ ነው። ቁጥሩ ደግሞ የሚገኘው ሴትየዋ ስትመለስ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ላክናት። ኬሞቴራፒ ወሰደች፤ አንዱ መድኃኒት ስላልበቃት ሌላ ተጨመረላት፣ ወራት ፈጀ። ባልየው ላሞቹን ሸጠ፤ እሷ ዘመድ ቤት ወለል ላይ እየተኛች ከረመች። ዳነች። በአጉሊ መነጽር የከፋ የሚባለው ዓይነት እንኳ በመድኃኒት ይድናል፤ በጊዜ ከተያዘ ደግሞ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ። ተመልሳ ስትመጣ ፀጉሯ ገና አጭር ነበር፣ ሻሽ አስራለች። ሳላውቃት ቀረሁ። ቁጭ ብላ፣ ያለ ቁጣ፣ «ያኔ ሐማ ሚቲ ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ጥሩ መልስ አለኝ ብዬ አይደለም።

እዚህ ላይ ለተማሪዎች ብዙ የማይነገር ታሪክ ላንሣ። ይህን በሽታ በሜቶትሬክሴት ያዳኑት አሜሪካ፣ ቤቴስዳ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሚን ቹ ሊ እና ሮይ ኸርትስ ናቸው፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ጠጣር እጢ በመድኃኒት ብቻ ሲድን የመጀመሪያው ነበር ይባላል። ሊ ታማሚዎቹ ራጃቸው ጠርቶ፣ ደህና ነን ብለው ከተነሡም በኋላ ኤች ሲ ጂው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ መድኃኒቱን አላቋርጥም አለ። አለቆቹ ጤነኛ ሰው ላይ መርዝ ታፈሳለህ ብለው አሰናበቱት። በኋላ ሲታይ እሱ ያከማቸው ሴቶች ድነው ኖሩ፤ ቀደም ብሎ የተቋረጠባቸው ላይ በሽታው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1972 ለዚህ ሥራ ከተሸለሙት አንዱ ሆነ። ይህን ሳነብ የታየኝ የሊ ጀግንነት ብቻ አይደለም። እሱ ሴቶቹ ጤነኛ መስለው ሳሉ ቁጥሩን ይከተል ነበር፤ እኔ ደግሞ ቁጥሩ እያለ ጤነኛ ናችሁ ብዬ ሸኘሁ።

ሁለተኛው ማዮማ ነው። ይህን አጠር አደርገዋለሁ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ምናልባት ግማሾቻችን በሆዳችን ይዘነው ተቀምጠናል።

ሴትየዋ ሮቤ የምታስተምር መምህርት ናት፣ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ። ሌላ ከተማ ማዮማ ወጥቶላት ነበር፣ ማህፀኗ ሳይነካ፣ መውለድ ስለምትፈልግ። ከአራት ዓመት በኋላ ጠባሳዋ ሥር ጠንካራ እብጠት ይዛ መጣች። ማዮማ በአምስት ዓመት ውስጥ በአልትራሳውንድ ሲፈለግ ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ እንደገና ይታያል፤ ስለዚህ መመለሱ አይገርምም። የገረመን ቦታው ነው። ሆዷን ስንከፍት አንዱ የሆድ ግድግዳ ላይ፣ ሌሎቹ የሆድ ዕቃ ሞራ ላይ ተጣብቀው፣ ከሞራው የራሳቸውን ደም ሥር ስበው ይመገባሉ። ማህፀኗ ላይ አንድም የለም። አውጥተን ናሙናውን ላክን፤ የፓቶሎጂ ውጤቱ የመጣው አንድ ቃል ብቻ ሆኖ ነው፤ ሌዮማዮማ። ቢናይን። ወረቀቱ ላይ ሌላ ምንም የለም።

እንዲህ ያለው ማዮማ ጥገኛ ይባላል። በቀዶ ሕክምና ጊዜ የወደቀች ቁራጭ ሆድ ውስጥ ቀርታ ሥር ስትሰድ ይፈጠራል። ከዚህ የባሱም አሉ። ሆድ ዕቃን በሙሉ እንደ ጠጠር የሚሞላ አለ። በደም ሥር ውስጥ እንደ ሐረግ እያደገ በትልቁ ደም መላሽ በኩል እስከ ልብ የሚደርስ አለ፤ ይህኛው በጽሑፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ሳንባ ላይ የሚወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1939 ስታይነር የገለጸው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ማህፀኑ ወይም ማዮማው ከወጣ ዓመታት በኋላ፣ በሌላ ምክንያት ራጅ ሲነሳ ነው። ሴሎቹ አሁንም ጨዋ ናቸው። ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ኤስትሮጅን ሲቀንስ ይኮማተራሉ። ብርቅ ናቸው፤ እኔ ራሴ የልቡንም የሳንባውንም አላየሁም።

በሠለጠነው ዓለም ይህ ነገር ጎልቶ የወጣው በማሽን ምክንያት ነው። በትንሽ ቀዳዳ ለማውጣት እጢውን ሆድ ውስጥ የሚፈጭ መሣሪያ መጣ፤ ፍርፋሪው ግን ይበተናል። ኤሚ ሪድ የምትባል የስድስት ልጆች እናት፣ ራሷ የሰመመን ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዲህ ተደረገላት። ማዮማ ነው የተባለው ውስጥ ካንሰር ተደብቆ ነበር፤ ፍርፋሪው ሆዷ ውስጥ ተሰራጨ። እሷና ባለቤቷ ባደረጉት ሙግት ጭምር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2014 ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ለማዮማ ተብለው ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው ከ350 ሴቶች በአንዷ ያልተጠረጠረ ካንሰር ሊኖር ይችላል ብሎ ገመተ። ኤሚ ሪድ በ2017 ሞተች።

እኛ ያ ማሽን የለንም፣ ተመስገን ልበል። ቢላ ግን አለን። ጠባሳው ትንሽ እንዲሆንላት ብለን ትልቁን እጢ ከፋፍለን የምናወጣበት ቀን አለ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ከመምህርቷ በኋላ ግን ሲስተር ጋዝ ስትቆጥር እኔ የእጢ ቁራጭ እቆጥራለሁ። ከፋፍዬ ያወጣሁትን ትሪ ላይ መልሼ እገጥመዋለሁ፤ ጎዶሎ ካለው ሆዱ አይዘጋም። የቀዶ ክፍል ልጆች «ዶክተር እንቆቅልሽ ልትጫወት ነው» ይሉኛል። ይበሉ።

እንግዲህ ምን ቀየርኩ? መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን። «ሐማ ሚቲ» ብዬ አላቆምም። አሁን የምላቸው በግምት እንዲህ ነው፤ «ዛሬ ያወጣነው ካንሰር አይደለም። ከአምስት ሴቶች አራቱ በዚሁ ይድናሉ። አምስተኛዋን ግን አሁን አላውቃትም፤ የማውቃት ደጋግሜ ስለካ ነው። ስለዚህ አልጨረስንም።» አንዳንድ ባልደረቦቼ ታስፈራሪያቸዋለሽ፣ ሴቶቹ ከሆስፒታል ይሸሻሉ ይሉኛል። ስጋቱ ይገባኛል፤ ወሬ በባሌ ከፈረስ ይፈጥናል። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ከኔ የሸሹት ያስፈራኋቸው አልነበሩም፣ አጽናንቼ የሸኘኋቸው ናቸው።

ቀጥሎ ሰነቴን። አንዲት ሴት በየሳምንቱ አምባውን ተሻግራ እንድትመጣ መጠየቅ፣ አትምጪ እንደማለት ነው። እዚህ ጅማ ለቲቲፒ አጋሮ ስንወጣ ቤት ለቤት የቆጠርነው መጸዳጃ ቤት ትዝ ይላችኋል? ያኔ አጉረምርሜ ነበር። አሁን ግን ያንኑ ነው የምሠራው። የሽንቱን ምርመራ በየሳምንቱ በገበያ ቀን እዚያው አቅራቢያዋ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ለገበያ መምጣቷ ስለማይቀር። ውጤቱ በስልክ ይነገረኛል። ለደም ምርመራ ወደ ደጋው የምትወጣው በወር አንዴ ነው፤ የደሙ ናሙና አንዳንዴ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል።

አደራ፣ ይህን ከመመሪያው የተሻለ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። የሽንት ስትሪፕ ከ25 ዩኒት በታች ያለውን ብዙውን ጊዜ አያይም፤ ስለዚህ ኔጌቲቭ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። ኤች ሲ ጂው እጅግ ከፍ ሲልም ስትሪፑ ተሳስቶ ኔጌቲቭ ሊል ይችላል፤ ያኔ ሽንቱን ማቅጠን ነው። ስትሪፑ የሚጠቅመኝ ሴትየዋን ከእጄ እንዳላጣት ነው። የድኗል ፍርድ የሚሰጠው በደም ነው።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው፤ የወሊድ መከላከያ። ክትትሉ ላይ እያለች ካረገዘች ኤች ሲ ጂው የልጁ ይሁን የበሽታው አይለይም። እርግዝና የተበላሸባት ሴት ደግሞ ቤተሰቡ የሚላት «ቶሎ ሌላ አርግዢ» ነው። አማቷ ትላለች፣ ጎረቤት ይላል፣ እሷም ትፈልጋለች። እዚህ ላይ እኔ ብናገር ከንቱ ነው። የሰማኝ የመጀመሪያው ሰው ያቺ አጭር ፀጉር ይዛ የተመለሰችው ሴት ባል ነው። አሁን ከዚያ ማዶ ሞል ያላት ሴት ስትመጣ፣ ፈቃዷን ጠይቄ፣ ባሏን ከሱ ጋር በስልክ አገናኛለሁ። ምን እንደሚላቸው አላውቅም። ስለ ላሞቹ ሳይነግራቸው አይቀርም። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ተቀብለው ይሄዳሉ።

ለመምህራኖቻችን ሁለት ነገር ልለምን። ፓቶሎጂ ክፍል ያላችሁ፣ ከኛ ዘንድ የሚመጣው ናሙና ፎርማሊን በተሞላ የፕላስቲክ ዕቃ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ የታማሚዋ ወንድም ጉልበት ላይ ሆኖ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ የተጓዘ ነው። ከ«ሌዮማዮማ» ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምሩልን፤ ሴሎቹ ምን ያህል እየተከፋፈሉ ነው፣ ደም ሥር ውስጥ የገባ አለ ወይስ የለም። ያቺ መስመር ሴትየዋን መቼ መልሼ እንደምጠራት ትወስንልኛለች። የውስጥ ደዌ መምህራን ደግሞ፣ ሳንባዋ ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ጥላ ያላት፣ ለመውለድ ዕድሜ የደረሰች ሴት ስትመጣ፣ ተማሪዎቻችሁን የሽንት እርግዝና ምርመራ አሠሩልኝ። ዋጋው ከሻይ አይበልጥም። ያ ኢንተርን ዛሬ ስፔሻሊቲ እየተማረ ነው፤ አፌን ከፍቼ እንደነበር አላየም መሰለኝ፣ አልነገርኩትም።

ሁሉም ተሳክቶልኛል ብዬ አልዋሽም። ጠረጴዛዬ ላይ ባለው መዝገብ ውስጥ ከአጋርፋ በኩል የመጣች አንዲት ሴት አለች። ሁለት ሳምንት ተከታትላ፣ ሦስተኛው ላይ ቀረች። ሁለት ስልክ ቁጥር አለኝ፤ የሷ ተዘግቷል፣ የጎረቤቷ ደግሞ «አገር ለቃ ሄዳለች» ይላል። ወዴት እንደሄደች አያውቁም። የመጨረሻ ውጤቷ መቶ እጥፍ ቀጥኖም ፖዘቲቭ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኗ እየጠየቀችልኝ ነው።

ሐሙስ ወደ ሮቤ እመለሳለሁ። በዚያው ቀን ሦስት ሴቶች በየጤና ጣቢያቸው ስትሪፕ ይሠራሉ፣ አንዷ የመጨረሻዋ ነው። ስለዚህ ስብሰባው መካከል ስልኬ ቢጮህና ብወጣ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ማሩ ከሻይ ጋር ነው።